ከሊሙ የመጣ የትምህርት መርጃ

ሜ፣ እስቲ ግቢ ትርፌ፣ እዚህ በረንዳው ላይ ቁጭ በዪ። ይሄ ዝናብ ዘንድሮ ልማዱን ረስቶ ከቀትር በፊት ጀመረው እኮ፤ ቡና ያሰጡ ሰዎች ምን ይውጣቸው ይሆን? ቀሚስሽን አምጪው። ጫፉን ብቻ ነው አይደል የምዘመዝምልሽ? ሻይም አለ። ስኳሩ የቀበሌ ሱቅ ነው፤ ቢያንስብሽ ቀበሌን እንጂ እኔን እንዳታሚ... ድምፄ በዛብሽ እንዴ? ምን ላድርግ፣ ይሄ የስፌት መኪና እየጮኸ በሹክሹክታ አይወራም። ከኑሪ ጸጉር ቤት የሚለየንም አንድ ጣውላ ነው፣ እሱም ተሰንጥቋል። ደንበኛውን እንዳንረብሽበት እንጂ። አዎ፣ አንድ ደንበኛ አለው፤ ስገባ ሳሙና ተቀብቶ ጋደም ብሎ አየሁት። ማን እንደሆነ ምኑን ለየሁት? ሳሙና ፊት ይሸፍናል።

ሐሙስ ዕለት አንቺ አጋሮ እህትሽ ጋ ሄደሽ ትልቅ ነገር አመለጠሽ። በቀበሌያችን አዳራሽ ንግግር ነበር፤ ዓለም እንዴት እርስ በርሷ እንደተሳሰረች። ተናጋሪው አንድ ወጣት አስተማሪ ነው፣ ስሙን ምን ያደርግልሻል... ማሻአላህ፣ መማር ማለት እንዲህ ነው እቴ። አገር ከአገር፣ ዘመን ከዘመን ሲያያይዘው እኔ እንኳ ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰፋ ኖሬ እንደሱ አልገጣጠምኩም። እዚህ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ተቀምጠን ስለ ራሳችን የምናውቀው ነገር የለም ለካ።

መጀመሪያ ቡናን አነሣ። ከእኛው ጫካ ወጥታ ባሕር ተሻገረች፤ ከዚያ የመን ውስጥ ሞካ ከሚባል ወደብ እየተጫነች ስትሄድ ፈረንጅ ሞካ ብሎ ጠራት አለ። ይታይሽ እንግዲህ፣ የተወለደችበት ተረስቶ የተጫነችበት ስሟ ሆኖ ቀረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ... ቡና ናት፣ ምን ይፈረድባታል? አፍ የላት፣ ማን ወለደሽ ቢሏት ምን ብላ ትመልስ?

ቀጥሎ ደግሞ ጠገራ ብሩን። እናቴ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት፣ ብሩ ላይ የተቀረጸችው ያቺ ወፍራም ሴትዮ ትዝ አለችኝ። የቪየና ንግሥት ናት፣ ማሪያ ቴሬዛ። ሞታ ከተቀበረች በኋላ እንኳ ያንኑ ፊቷን፣ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እያተሙ ይልኩት ነበር አለ። ለምን ቢሉ፣ የእኛ ነጋዴ ሌላ ፊት አልቀበልም ብሎ። ሱብሃነላህ፣ የሞተች ሴት ፊት ከቪየና ጅማ ድረስ ይታወቃል። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ግን ከኋላኛው አግዳሚ እስከ መድረኩ... እርግጥ መብራቱም ደካማ ነበር። የቀበሌ አምፖል ምኑ ይታመናል።

ኋላ ማን ተቀምጦ ነበር ነው የምትዪኝ? ቆይ፣ እሱ ጋ በዝባዱ በኩል ነው የምንደርሰው። ጥርኝ ታውቂያለሽ፣ ያ ዝንጉርጉር አውሬ? ሊሙ ውስጥ በጎጆ ዘግተው፣ ገንፎና ሥጋ እያበሉ ያኖሩታል። ከጅራቱ ስር የሚወጣውን ቅባት እየጠረጉ በበሬ ቀንድ ሞልተው ይሸጡታል፤ ዝባድ እሱ ነው። ጥሬው ሲሸት ቤት ያስለቅቃል። ፓሪስ ገብቶ ጠብ ሲልበት ግን የወይዛዝርት ሽቶ ይሆናል አለ ተናጋሪው። ባለቤቴ አብዱልሰመድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያንን ቀንድ ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ነው ያረጀው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሞተ።

ታዲያ ተናጋሪው ቀንዱን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይስቃል። ያንን ቀንድ ከሊሙ ድረስ ተሸክመው ያመጡለት አባ ፊጣ ናቸው። የባለቤቴ የጥንት ወዳጅ፣ ከተማ ሲመጡ እኔ ጋ የሚያርፉት። ኋላ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ፣ አዲስ ኮፊያ አድርገው። ጥርኝ አርቢ ከጎጆው አይርቅም ትርፌ። ባዳም ወደዚያ አያስገባም፤ ባዳ ዓይን ያየው ጥርኝ ዝባድ ይነሣል ይላሉ። አባ ፊጣ ያንን ጎጆ ለወንድማቸው እንኳ ከፍተው አያውቁም። አንድ ልጃቸው ብቻ ነው የገባበት፤ በጀርባቸው አዝለውት እየገቡ አሳደጉት፣ በዚያው ቀንድ አስተማሩት። ያ ልጅ፣ ቀንድ ይዘው ይምጡልኝ ብሎ ሲልክባቸው ለጥርኞቹ ምግብ አስቀምጠው ገሠገሡ። ሊያገባ ማሰቡን ሰምተዋልና ከሰው ሊያስተዋውቀኝ ነው ብለው።

አዳራሹ ውስጥ ጎናቸው ለተቀመጠው ሁሉ መድረኩን እያሳዩ፣ ኢልማ ኮ፣ ኢልማ ኮ ይላሉ። ልጄ ነው ማለት መሆኑን አንቺም በጅማ ኑሮሽ አታጪውም። ይሄኔ ከፊት አንድ ባለሥልጣን ዞር ብሎ፣ እኚህ አባት ማናቸው ብሎ ጠየቀ። ተናጋሪው ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? "ከሊሙ ያስመጣኋቸው የትምህርት መርጃ ናቸው ጓድ።" ... ሰው ሳቀ። አባ ፊጣም ሳቁ፤ አማርኛው ቶሎ አልገባቸውም፣ ልጃቸው ስማቸውን ያነሣ መስሏቸው እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ ትርፌ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ልጁ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ይሄንን ማንም አይነሣውም።

ንግግሩ ሲያልቅ ቀንዱን ይዞ ከባለሥልጣናቱ ጋር ወጣ። ቀንዱን አልረሳም። ሰውዬውን ማን ይወስዳል፣ መርጃ ደግሞ ትምህርት ሲያበቃ ቤት ይወሰዳል እንዴ? አግዳሚ ከሚሰበስበው ዘበኛ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸውና ይዣቸው መጣሁ።

ያን ሌሊት እሳቸውም ሳይተኙ እኔም ሳልተኛ፣ እንደ ተናጋሪው ማያያዝ አማረኝ። የጅማው ንጉሥ በፈረሳቸው ስም ነው የተጠሩት አይደል? አባ ጅፋር ማለት የጅፋር ባለቤት ነው፣ ጅፋር ደግሞ ፈረሱ። ንጉሥ በፈረስ ስም ሲጠራ ያላፈረበት አገር ላይ፣ ሰው በወለደው ሰው ስም ሲጠራ... ተዪኝ እስቲ፣ ዙቤይዳ ሰው አማች እንዳይሉኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ብለው ይስቁባታል። ምስኪን። እሷስ አንዱን ጠርታለች።

ኑሪ... ምነው ምላጭህ ዝም አለ ልጄ? ሥራህን ሥራ እንጂ፣ እኛ ታሪክ ነው የምናወራው። እንዳትቆርጠው ብቻ፣ የነገ ሙሽራ ሳይሆን አይቀርም። ስትጨርስም ሽቶ አትንፈገው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ ነበር፤ የዝባድም ልጅ ሽቶ ይጠማዋል።

አዎ ትርፌ፣ ነገ ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ሊያገባት ያሰባት የሱዓድ አባት ቤት ሽማግሌ ይልካል። በአባት ቦታ የሚቆሙለት አንድ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው አሉ። ምን ይደረግ፣ ልጁ ሚዛን ያውቃል፤ ኮፊያና ክራቫት መዝኖ ከባዱን መረጠ። አባ ፊጣ ነገ መሆኑን አልሰሙም። ከሐሙስ ጀምሮ እዚችው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ዛሬ ይመጣል ይሉኛል። ነገ በማለዳ በጭነት መኪና ይመለሳሉ፣ ጥርኞቹ ብቻቸውን ናቸውና። እኔ እንግዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ሳይሄዱ መጥቶ አባዬ ቢላቸው። ፓሪስን ከሊሙ ያገናኘ ሰው ይሄ ይከብደዋል? ሩቅ ነው እንዳይባል በመሃል ያለው አንድ ጣውላ ነው።

ዝም በይ፣ ይኸው ከመስጊድ ተመለሱ። ኑ አባ ፊጣ፣ እዚህ ደረቁ ላይ ይቀመጡ። አካም ጂርተኒ፣ ዝናቡ አልመታዎትም? ... ልጅዎን? ኧረ ፊቱን አላየሁትም፣ ወላሂ። ኑሪ ጋ አንድ ሰው አለ፣ እሱም ሳሙና ተቀብቷል። እስቲ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩት፣ ሰፈር ውስጥ ካለ ይሰማል...

አንዴ ይድገሙት አባ ፊጣ...

የለም መሰለኝ። አይዘኑ፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ሻይዎን ይያዙ።

እንዲያውም በሌለበት ዱዓ እናድርግለት። እጅዎን ያንሡ፤ ትርፌ፣ አንቺም በሃይማኖትሽ አሜን በዪ። አላህ ለዚህ ልጅዎ መልካም ትዳር ይስጠው። ቤቱ ይሙቅ፣ ዕድሜው ይርዘም፣ ሽበት ያብቅልበት። ከሱ የበለጠ የተማረ ወንድ ልጅ ይስጠው። ያ ልጁም፣ እሱ እርስዎን እንዳከበረዎት፣ ምንም ሳያጎድል ያክብረው።

አሚን ይበሉ አባ ፊጣ። ጮክ ብለው አሚን ይበሉ።