በባሕሩ መሐል አሸዋ ላይ ስለቀሩት እንግዳ

የምስክር ስም፦ ምዋናሻ ጁማ ሻሌ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ጨርቅ ሻጭ
አድራሻ፦ ሞምባሳ፣ ባምቡሪ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዲሴምበር 28 ቀን 2019፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ኮንስታብል ምዋምቡሪ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር በባምቡሪ ባሕር ዳርቻ ካንጋ የሚባለውን ባለቀለም የሴቶች ጨርቅ ስሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚያው ዳርቻ ጎብኚዎችን በጀልባው የሚያመላልሰው ስዋሌህ ጁማ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የምንኖረውም በአንድ ግቢ ነው። ተረጋግቼ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ ጋቶኒ የሚባሉ፣ ከኒዬሪ ለጉብኝት ብቻቸውን የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ወደ መደቤ መጡ። ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቢጫ ካንጋ ገዝተው እዚያው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጫማቸውን እንድጠብቅላቸው ትተውልኝ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር በስዋሌህ ጀልባ ውሃው ሲሸሽ ብቅ ወደሚለው አሸዋ ሄዱ። ከሰባት ሰዓት በፊት ውሃው ተመልሶ አሸዋውን መሸፈን እንደሚጀምር ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን ስቀው፣ "ልጄ፣ ይህን ባሕር ለማየት ስልሳ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ዛሬ ማንም አያጣድፈኝም" አሉኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስዋሌህ ቤተሰቡን ይዞ ሲመለስ እሳቸው አልነበሩም። ስጠይቀው፣ ትንሽ መዘዋወር ስለፈለጉ በሚቀጥለው ዙር እንደሚያመጣቸው ነገረኝ። በበዓል ሰሞን ጀልባ ነጂዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ አንዱን ሲያደርሱ ሌላውን ያነሳሉ። እኔም አልደነቀኝም። ነገር ግን ጀልባው ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተቆጣጣሪዎች መጡ። የፈቃዱ ጊዜ አልፎ ስላገኙት ጀልባውን አሰሩበት። አሸዋው ላይ የቀረ ሰው እንዳለ ሲጠይቁት ማንም የለም አለ። ሰው ጥሎ መምጣቱ ከታወቀ ፈቃዱ ጨርሶ እንደሚሰረዝ ያውቃል።

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ፣ "እቴ፣ አፍሽን ያዢ። ካሪሳ እዚያው አካባቢ ነው፣ ሴትዮዋን ያመጣታል" አለኝ። ካሪሳ ሌላው ጀልባ ነጂ ነው። ስዋሌህ ቢደውልለትም ስልኩ አይነሳም ነበር። እኔ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ያንኑ አንድ ጨርቅ ሳጥፍና ስዘረጋ ቆየሁ። ዓይኔን ከባሕሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም። አሸዋው እየጠበበ ሄዶ ቢጫው ካንጋ ብቻ ይታየኝ ነበር። የካሪሳ ጀልባ እሳቸውን ሳትይዝ ስትመጣ ሳይ ጨርቁን ጣልኩት።

ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ሮጬ ሴትዮዋ እዚያ እንደቀሩ ተናገርኩ። ስዋሌህ ለመሳቅ እየሞከረ፣ "እህቴን ፀሐይ መትቷታል፣ አትስሟት" አላቸው። የሴትዮዋን ጫማ አምጥቼ ተቆጣጣሪዎቹ ፊት አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ስዋሌህ አንገቱን ደፋ። ተቆጣጣሪዎቹ በካሪሳ ጀልባ ሄደው ሴትዮዋን ውሃ ላይ ተንሳፍፈው አገኟቸው። ሲያወጧቸው ይተነፍሱ ነበር ብለውኛል። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሆኑ ሁለት ጊዜ ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ከወንድሜ ጋር ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ ነበር። የለኝም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እወደዋለሁም። ከዚህ ስወጣ የምገባው ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት ግቢ ነው፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

መርማሪው ሴትዮዋን ያዳንኳቸው እኔ ስለሆንኩ ስለ ግማሽ ሰዓቱ መጻፍ እንደማያስፈልግ ነግሮኛል። እኔ ግን እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ስዋሌህ ዋሽቷል። እኔም እያወቅሁ፣ ውሃው ሲመጣ እያየሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብያለሁ።

ቃሌ በስዋሂሊ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ የተጨመረብኝም የተቀነሰልኝም የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ምዋናሻ ጁማ
የመርማሪ ፊርማ፦ ኮንስታብል ምዋምቡሪ