የፍኖተ ሰላም ባሕር

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «እኔ አላቋረጥኩም፣ እሱ ነው የሸሸኝ» እላለሁ። ስሜ ቢሆነኝ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። የማወራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የሰማሁት ክርክር አለ፤ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል፣ ባይጠቅማችሁም ያስቃችኋል።

መንገዱ ሰላም ሆኖ መኪና እንደልቡ የሚሄድበት ሰሞን ነበር። ጧት መናኸሪያ ላይ «ቡሬ የሞላ! ቡሬ የሞላ!» እያልኩ እጮሃለሁ። መኪናው ባዶ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ሥራው ነው። ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት መጡ። ሽማግሌውን የማያውቅ የለም፤ የቅኔው መምህር የኔታ ቂርቆስ ናቸው። ሴቲቱ የልጃቸው ልጅ ምሕረት ናት። ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እህቴንም ያዋለደቻት እሷ ናት።

ገና ከመቀመጣቸው ምሕረት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር። የኔታ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ።

«ድገሚው! ከላይ ጀምሪ። አንዲት ቃል እንዳትገድፊ!»

እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «የኔታ፣ በመኪናም ዳዊት ያስደግማሉ እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ነው አንተ! ነገ ባሕር ዳር ትፈተናለች።»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ምሕረት ውጭ አገር ሄዳ የአዋላጅነት ትምህርቷን ከፍ እንድታደርግ ተፈቅዶላታል። የቀራት የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ብቻ ነው። አንዴ ተፈትና ጽሕፈቱንና ንባቡን አለፈች፤ ንግግሩ ላይ ወደቀች። የነገው ካመለጣት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ምነው ወደቀች?» አልኩ።

«አጥብቃ አልያዘችውማ! አሁን ግን ከፈተና መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስነሥተን ጥያቄውንም መልሱንም በቃሏ አስያዝኳት። እንደ ውሃ ነው የምታወርደው።»

ምሕረት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ማንኩሳ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌራችን ገነነ እየተራገመ ክሪኩን ሊያወጣ ወረደ፤ ተሳፋሪው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኔ ገነነን ማገዝ ነበረብኝ፤ ግን ከሥራ ተንኮል ይጣፍጠኛል። የገነነን ጥቁር መነጽር አጠለቅሁና ያወረድነው ትርፍ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ፈታኙ እኔ ነኝ። ተማሪ ምሕረት፣ ወደፊት!»

አንድ ክረምት ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ዘንድ ለፈረንጅ መንገድ ሳሳይ ስለከረምኩ የተሰባበረች እንግሊዝኛ አለችኝ። በእሷው «ስለ ከተማሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ምሕረት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗን ሰማይ ላይ ሰቀለችና መልሱን አወረደችው፤ የምትተነፍስም አልመሰለኝ። ስትጨርስ ተሳፋሪው አጨበጨበ። የኔታ ፈገግታቸው ጆሯቸው ደረሰ።

በርበሬ ጭና ወደ ገበያ የምትሄድ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። «ኧረ ምን አለች? ለእኛም ንገሩን እንጂ» አለች።

«ተርጉሚላቸው» አሉ የኔታ ኮራ ብለው።

ምሕረት ፊቷ ቀላ። «‘ከተማዬ በባሕር ዳርቻ ላይ ናት። በበጋ ከቤተሰቤ ጋር እዋኛለሁ። አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነው’ ነው ያልኩት።»

«ማን? እኔ?» የኔታ ከተቀመጡበት ተነሡ። «መቼ ነው መረብ ስጥል ያየሽኝ? ደግሞስ ፍኖተ ሰላም የምን ባሕር አላት?»

«ይተዉ የኔታ፣ ጴጥሮስስ አጥማጅ አልነበር?» አለች እማዋይሽ። እኔማ ከጎማው ላይ ወደቅሁ።

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ የኔታ» አለች ምሕረት። «አንዲት ቃል እንዳትገድፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ባለፈውስ ይኸንኑ ነው ያልሽው?»

«ይኸንኑ። ፈታኙ መሐል ላይ አቋረጠኝና ‘ምን ዓይነት ዓሣ?’ አለኝ። እኔ ዓሣ የት አውቃለሁ? ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሰዓቱ አለቀ። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።»

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። የኔታ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም።

«ታዲያ የዓሣውንም ዓይነት ጨምረሽ መያዝ ነበረብሻ!»

«ከዚያ ስለ መረቡ ቢጠይቀኝስ? ስለ ጀልባውስ? የኔታ፣ የሰውን ጥያቄ ሁሉ በቃል ይዤ አልጨርሰውም። ፈታኙ የእኔን ወሬ በእኔው አፍ መስማት ነው የሚፈልገው።»

«በራስሽ አፍ ስታወሪ ትስቻለሽ።»

«እስታለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«እግዚኦ!» የኔታ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱት። «እኔ ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም አንዲት ፊደል ስገድፍ ጆሮዬን ነበር የምቆነጠጠው። ያልቀና ቃል በአደባባይ ማውጣት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግሁሽ። ታዲያ ዛሬ እየተንተባተብሽ ሰው ፊት ቁሚ ልበልሽ?»

«ዳዊቱስ እውነትዎን ነው፣ አንድ ቃሉ አይነካም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ።»

«ጠይቂ።»

«አዲስ የገባ የቅኔ ተማሪ የተንጋደደች ጉባኤ ቃና ይዞ ቢመጣ ያባርሩታል?»

«ለምን አባርረዋለሁ? ሁለት መስመር እንኳ ብትሆን የራሱ ናት። አቃናለታለሁ። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።»

«ያንንም ቢያንጋድደው?»

«ያንንም አቃናለታለሁ። ቅኔ እየተንጋደደ ነው የሚለመደው።»

«ሌላው ተማሪ ደግሞ የሰው ቅኔ ሸምድዶ፣ አንዲት ቃል ሳይገድፍ እንደ ውሃ ቢያወርድልዎስ?»

«እሱንማ ከጉባኤዬ አስወጣዋለ...»

የኔታ አልጨረሱትም። እኔ ቅኔ አላውቅም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ የራሱን ዕቃ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያገኘው ፊቱ ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን አየሁ።

በመጨረሻ የኔታ ረጋ ብለው ተቀመጡ። «እንግሊዝኛውን ዳዊት አድርጌብሻለሁ ለካ፣ ልጄ። መግባት የነበረበት ቅኔ ቤት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቀልበ ቢስ፣ መነጽርህን አድርግ። መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ጠይቃት።»

ጥያቄው አፌ ላይ ነበር። «የእህቴን ምጥ ንገሪኝ» አልኳት።

ምሕረት መጀመሪያ ተንተባተበች። አንዴ ቆመች፣ አንዴ ወደ ኋላ ተመለሰች። የእትብት እንግሊዝኛው ጠፋትና «የሕፃኑ ገመድ» አለችው፤ እኔ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች፣ ቀጠለች። እጇ መንቀሳቀስ ጀመረ። የእህቴን ጩኸት፣ የባሏን መርበትበት፣ መብራቱ ሲጠፋ በስልክ ብርሃን እንደሠራች ሁሉንም አመጣችው። ከአፏ ስሰማው ዳግም አጎት የሆንኩ መሰለኝ።

«መንታ ነበሩ እንዴ?» አለች እማዋይሽ።

«አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?» አሉ የኔታ።

«ኧረ አላውቅም! በእጇ ሁለቴ ስትቀበል አይቼ ነው እንጂ።»

የኔታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ብዙ ሳተች?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ የኔታ፣ ወሬው ጣፍጦኝ ስህተቱን መስማት ረሳሁ።»

ጎማው ተቀየረ። ገነነ እጁ በግሪስ ጠቁሮ መጥረጊያ ሲፈልግ፣ ያንን የመልስ ፎቶ ኮፒ ከምሕረት ተቀበልኩና ባሕሩ ያለበትን ገጽ ቀድጄ ሰጠሁት። የኔታ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። እስከ ቡሬ ድረስ እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ተሳፋሪው ዳኛ ነው። ቡሬ ወርደው ወደ ባሕር ዳር መኪና ሲሻገሩ ምሕረት ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

ውጤቱ እስኪመጣ እኔም ከእነሱ እኩል ጨነቀኝ። አንድ ቀን እዚያው መናኸሪያ «የሞላ!» እያልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ቢሆነኝ፣ አለፍኩ!»

ያን ቀን በእፎይታ የተነፈስኩት አየር አሥር ጎማ ይሞላል። «ምን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ቤተሰብ ውስጥ ስለምታከብሪው ሰው ንገሪኝ አለኝ። ስለ አያቴ አወራሁለት። ሰው ተናግሮት የማያውቅ ግጥም በየቀኑ የሚያስፈጥር መምህር ነው አልኩት። ቃል ሲጠፋኝ ዞሬ በሌላ እናገረዋለሁ። ፈታኙ ‘እንዴት ነው የሚያስፈጥረው?’ አለኝ፤ ስመልስለት ሰዓቱ አለቀ፣ ወሬው ግን አላለቀም።»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በዓይኔ ነው ያየሁት። የኔታ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃቸው ላይ ያለውን የዋንዛ ጥላ ለተማሪዎች ለቀዋል። ለዩኒቨርሲቲም ለሥራም የሚፈተነው እዚያ እየመጣ እንግሊዝኛ ያወራል። ሕጉ የቅኔ ቤቱ ነው፤ የሸመደደ ይወጣል፣ የተንጋደደ ይቃናል። ጓዳ ገብታ ስታነበንብ ትውል የነበረች ልጅ ዛሬ ወፍጮ ቤት ስለሆነው ጠብ በእንግሊዝኛ ስታወራ ትሰማላችሁ። ፈተና የፈራ እንቅልፍ አገኘ፤ ወላጅም ልጁ ሲሳሳት መቆንጠጥ ትቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ለመደ። እናንተም ቤት የሚፈተን ልጅ ካለ አፉን አትዝጉበት፤ የራሱን አገር፣ የራሱን አያት ያውራ፤ ያልተንጋደደ ነገር የሚቃናበት መንገድ የለም።

ምሕረት የሄደች ሰሞን የኔታ ሸኝተዋት ሲመለሱ ቡሬ ላይ መኪናችን ውስጥ ገቡ። ዓይናቸው ቀላ ብሏል፤ ሰውም አዝኖላቸው የፊቱን ወንበር ለቀቀላቸው። የኔታ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሞላው መኪና ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ጉድ ሞርኒንግ ቢሆነኝ! ማይ ዶተር ጎ። አይ ሃፒ!» አሉ።

ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሳቄን ልይዘው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እሳቸውም አልቻሉም። ጥምጥማቸው እስኪዛነፍ ድረስ ስቀው ሲያበቁ ከፊት ወንበር ተቀመጡና፣

«በል እንግዲህ፣ እስከ ማንኩሳ አቃናልኝ» አሉኝ።