ነፋስ የቆረጠው ሰሌን

እትዬ ኩራሞቺ፣ ተቀመጡ እንጂ። ስኳር ድንቹ ገና ትኩስ ነው፤ ቀስ ብለው ይላጡት፣ ጣት ያቃጥላል። ምድጃውን አጥፍቻለሁ አይደል?... አዎ፣ አጥፍቻለሁ። ሁለቴ አየሁት።

የትናንቱ የሰይፍ ትርኢት በዓላችን እንዴት አማረ! ዝናቡም ቆመልን። ነፋስ ብቻ ነበረ... ትንሽ ነፋስ። ጮክ ብዬ ካወራሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል። የወረቀት በር ድምፅ ያሳልፋል ይላሉ፤ በዚያ በኩል ማን ይኖራል ብለው ነው? ደጅ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ የከተማ ጫማ አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። እኔ ሰው ማማት አልወድም።

እኚያ ከከተማ የመጡት አዲሱ የሰይፍ መምህራችንስ? እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነው ያደግነው፤ የሳቸው እንቁላል እኮ ሳይፈለፈል ሮጠ። ሌላው ሰው አምስተኛው ማዕረግ ላይ ለመድረስ ሃያ ዓመት ይለፋል፤ እሳቸው ግን... ምን አለፋዎት፣ የምስክር ወረቀታቸው ፍሬም ብቻ ከግድግዳችን ይሰፋል።

አዛኝም ናቸው። ለትርኢት በሰይፍ የሚቆረጠውን ሰሌን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እየጠቀለልኩ ውሃ ውስጥ የማሳድረው እኔ ነበርኩ። በደንብ የራሰ ጥቅል እንደ ሰው ክንድ ነው፤ እጅ ካልሠለጠነ አይቆረጥም። ዘንድሮ ግን «አባባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ይረፉ። የኔን ሰሌን እኔው ራሴ አዘጋጃለሁ፣ በሩን ዘግቼ» አሉኝ። በሩን ዘግተው! እንዳይበርደኝ አስበው መሆን አለበት...

ትናንት ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ እሳቸው ከተተከሉት ሦስት ጥቅሎች ፊት ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ገና የሰይፉን እጀታ ሳይነካ... ያች ነፋስ መጣች። አንዱ ጥቅል ከወገቡ እጥፍ ብሎ ወደቀ! እርስዎ ከፊት አልነበሩም? እሳቸው ምንም ሳይደነግጡ ለወደቀው ሰሌን እጅ ነሱ። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ እንደ ሙዝ ቀነጠሷቸው። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ? ልጆቹማ ዛሬ ጠዋት «ሰይፍ ሳይመዘዝ የሚቆረጠውን መቼ ነው የምንማረው?» እያሉ አስጨነቁኝ።

ሳጸዳ ያን ጥቅል አነሳሁት። ከኋላው እስከ ግማሹ ተበልቷል፣ ቀጥ ብሎ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አይጥ ነው አልኩ። ሌላ ምን ይሆናል? የዘንድሮ አይጥ ቢላ ይይዛል እንዴ፣ እትዬ?... በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጬዋለሁ። የእሁዱ ስብሰባ ላይ ስለ አይጡ ለማመልከት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

እሁድ የልጆቹ ክፍል ለየትኛው አስተማሪ እንደሚሰጥ የሚወስኑት እርስዎ አይደሉ? እኔ ምን አገባኝ። ሟቹ መምህራችን «ልጅ የሚያስተምር፣ ሲሳሳት መታየት የማያፍር ሰው ነው» ይሉ ነበር፤ ግን እሳቸውም አርጅተው ነበር። ለክፍሉ የታጨችው ሌላዋ፣ ዓሣ ሻጯ ቺዙሩማ ምን ትረባለች? ሰይፏ ሰሌኑ መሃል ተቀርቅሮ ሕዝብ ፊት ቀረ! «አቃተኝ» ብላ እጅ ነሳች፣ ሰይፉን ነቀለች፣ እየሳቀች እንደገና ሞከረች። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይታያል?... ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሷን ሰሌን ያራስኩት በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ ነው። እልከኛ ሆኖባት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ውሸት ነው! የአዲሱ መምህር ቀበቶ እስከ መጨረሻው እንደታሰረ ነበር። የተፈታው ሰሌኑ ብቻ ነው።

ማነው ከበሩ ወዲያ ሳል ያሰማው?... ነፋስ ይሆናል።

ይብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘብዎ። እኔ ለእኚያ ሰው ክፉ አልመኝም። ዛሬ ማለዳ ቤተ መቅደሱ ሄጄ፣ ደወሉን ደውዬ፣ እንደ ወጉ ሁለቴ አጨብጭቤ ጸለይኩላቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ክንዳቸው አይዛል። ሰይፋቸው አይዶልድም... ለነገሩ በምን ይዶለድማል? እሁድም ሆነ ሕዝብ ፊት በቆሙ ቁጥር ሁሉ፣ ያች ነፋስ አትለያቸው።