«እንዴት አደርሽ» የሚለው መሣሪያ

አካም ጂርታ፣ አደ ድርቤ? ልጅሽስ ደህና ነው? ይኼ ዝናብ ሰፈራችንን ቡርቃ ጃቶን ጭቃ አድርጎት ባጃጁም እምቢ አለን እኮ። አረፍ በይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?

ሌንሳዬ አንድ ቀን ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለሽ? «እማ፣ በነፃ የሰጡት ነገር ይሰረቃል?» እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ምን አውቃለሁ? «የሰጠሽው ይመርቅሻል እንጂ እንዴት ይሰርቅሻል?» አልኳት። ሞኝ ነኝ አይደል?...

ልጅቷ ክረምቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ከረመች። ፕሮግራም የሚጽፉበት ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። እዚያ ይጽፉና በሽቦ አድርገው ክብሪት ወደምታህል ቦርድ ይጭኑታል። አንዲት ምልክት ከተረሳች ገጹ በቀይ ይሞላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እላታለሁ። ለካ የአንዳንዱ እንቁላል በፍላሽ ነው የሚሄደው!

ብቻ ተሳካላት፤ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን ራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ሠራች። «ውሰዱት፣ አሻሽሉት፤ ከላይ ስሜን ብቻ ተዉልኝ» ብላ ፕሮግራሙን ለጓደኞቿ በፍላሽ አካፈለች።

ትናንት የወጣቶች ውድድር ላይ አንድ ልጅ ያንኑ ይዞ መድረክ ወጣ። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሶፍትዌሩን በአንድ ሳምንት ተማርኩት ሲል... ወይ ጭንቅላት! «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉት ውሸታቸውን ነው፤ እንዴት እንደደመቀ ብታዪው! ጽዳቱስ? ከላይ የነበረውን ስም ጥርግርግ አድርጎታል።

ሲያበራው ግን ትንሿ ስክሪን ላይ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «አካም ቡልቴ፣ ሃርሜ ሸዋረገድ»። እኔን «እንዴት አደርሽ እናቴ» ልትል ሌንሳ የጻፈቻት ናት። ዳኞቹ «ሸዋረገድ ማናት?» ቢሉት ምን አለ? «እናቴ ናት!» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሳላምጥ ወንድ ልጅ ወለድኩ እኮ! የወለደችው ግን ሰምታ ቢሆን?... ውይ፣ ሻሽሽ ምን ሆነብሽ? ደህና ነው፣ አትነካኪው።

ሌንሳማ አቀርቅራ ወጣች። ከውድድሩ ለሥልጠና የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሌላ ተስፋ የላትም። ምን ይደረግ? የተማረ ይቅደም!

ሰኞ ዳኞቹ ባዶ ኮምፒውተር ሰጥተው «ከመጀመሪያው ጽፈህ አሳየን» ሊሉት ነው አሉ። የእናት አንጀት አይችልም፤ አንዴ እናቴ ብሎኛል... ዛሬ ጠዋት ኪዳን ላይ ቆሜ ስሙን ሳልጠራ ለመንኩለት፦ «እመቤቴ፣ ሰኞ ከጎኑ ቁሚ። በራሱ የተማራትን አንዷንም አታስረሺው። የላቡን ዋጋ ሳታጎድዪ፣ ሳትጨምሪ፣ ልክ እንደደከመው አድርገሽ ክፈዪው» አልኩ።

አሜን በይ እንጂ፣ አደ ድርቤ።