ከቡድኑ ጋር የተሸነፈ ቪዛ

ሥራዬ ቅጽ መተርጎም ነው። ባለፈው ሰኞ ማኅተም ላስመታ ወደ ቪዛ መቀበያው ቢሮ ስገባ ከወረፋው መካከል የድሮ ጎረቤቴን ጋሽ ትሪን አየኋቸው። ሠላሳ ዓመት ሆቴል ውስጥ ትሪ ተሸክመው ስለኖሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። አጠገባቸው የሟች እህታቸው ልጅ፣ በቅርቡ ከሆቴል ማሠልጠኛ የተመረቀችው፣ ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

“እግዜር ነው ያመጣህ!” አሉኝ። “አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ይህችን ልጅ ምከርልኝ። ውጭ አገር ለዋንጫው ውድድር የሆቴል ሠራተኛ ሲፈለግ ስንቱን አልፋ ተመረጠች። አሁን የቀረቻት አንዲት ምልክት ናት፤ እሷን አላደርግም ብላ ከጠዋት ጀምሮ ትሞግተኛለች።”

ምልክቷን አሳምሬ አውቃታለሁ። “ሠራተኛው ፓስፖርቱ በአሠሪው ዘንድ እንዲቀመጥ ፈቅዷል” ይላል ቅጹ፤ ከጎኑ ትንሽ ሳጥን አለች። ከፍ ብሎ ደግሞ ቪዛው ለአንድ አሠሪ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ያ ሥራ ሲያበቃም አብሮ እንደሚያበቃ ተጽፏል።

“ምን ከፋሽ?” አሉ ወደ ልጅቱ ዞረው። “ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ፓስፖርት ይጠፋል። አሠሪ ካዝና አለው። አደራ መስጠት ደግሞ ጨዋነት ነው።”

“አጎቴ፣ አደራ የሚባለው ሲጠይቁት የሚመለስ ሲሆን ነው። ቪዛው በእሱ ስም ታስሯል። ፓስፖርቱም በእሱ ካዝና ከተቆለፈ ለኔ ምን ቀረኝ? ሽርጤ?”

“ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማሽም?”

“አሠሪ ከመቼ ወዲህ ነው ንጉሥ የሆነው?”

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። “ሄደሽ ሳታይው ሰው አትጠርጥሪ” አሏት።

“የሄደው አይቶታል” አለችና ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ከስምንት ዓመት በፊት አጎቴና እናቴ ለእንዲህ ያለው ውድድር ሄዱ። እሳቸው የአስተናጋጆች አለቃ፣ እሷ አልጋ አንጣፊ። አሠሪው ፓስፖርት አምጡ ሲል ሰዎቹ አመነቱ። አጎቴ ግን ነጭ ጨርቅ ያነጠፉበት ትሪ ይዘው በየመኝታው ዞሩና የአሥራ ስምንት ሰው ፓስፖርት ሰብስበው፣ ለእንግዳ ምሳ እንደሚያቀርቡ ጎንበስ ብለው አስረከቡ።”

ጋሽ ትሪ ወለሉን ማየት ጀመሩ።

“ሆቴሉን የተከራየው አንድ ቡድን ነበር። ቡድኑ በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፈና በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ሆቴሉ ተዘጋ፤ የሠራተኞቹም ቪዛ አብሮ ሞተ። ጎረቤት ያሉት ሆቴሎች ሠራተኛ አጥተው ይጮኹ ነበር፤ ለሌላ አሠሪ መሥራት ግን ክልክል ነው። ፓስፖርቶቹን የያዘው አሠሪ ስልኩን ዘጋ። እናቴ ሳል ሲጠናባት፣ ሐኪም ቤት ወረቀት ይጠይቁኛል፣ እታሰራለሁ ብላ ተኛች። በአሥራ አንደኛው ቀን ፍራሹ ላይ ሞተች። ኳሱን የሳቱት እነሱ፣ የሞተችው እናቴ!”

እኔ የማውቀው በበሽታ ሞተች ሲባል ብቻ ነበር።

“ፓስፖርቷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣው ነበር” አሉ ጋሽ ትሪ ቀስ ብለው። “‘ወንድሜ፣ የኔስ ከኔ ጋር ይሁን’ አለችኝ። ‘አታሳፍሪኝ’ አልኳት።”

“ታዲያ ዛሬ ልጇን ለምን እንዲህ ይመክሯታል?” አልኩ።

“ያኔ ተሳስቼ ነበር ካልኩ፣ እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት አይደለም?”

ላጽናናቸው ብዬ መዋሸት አላሰኘኝም። “እርስዎ ትሪውን ያዙ፤ እኔም ያችን አንቀጽ ስንት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ተረጎምኩ። ያሰራችሁን ገመድ ያበጀው ግን ሕጉ ነው። ቪዛው በሠራተኛው ስም ሆኖ ውድድሩ እስኪያልቅ በየትኛውም ሆቴል የሚያሠራ ቢሆን፣ እህትዎ በማግስቱ ሌላ ቤት አልጋ ባነጠፈች። ፓስፖርቷ ከኪሷ ቢሆን ሐኪም ፊት በቀረበች። ሆቴሎቹም ሠራተኛ ባላጡ። ማን ይጎዳ ነበር?”

“ማንም” አሉ። ደግመው፣ “ማንም” አሉና ለምልክቷ ይዘውላት የነበረውን ብዕር ከእጃቸው ለቀቁት።

ተራችን ደረሰ። ጸሐፊው ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና “ሳጥኗ ባዶ ናት” አለ።

“አዎ። አልፈቅድም” አለች ልጅቱ።

“መብትሽ ነው እህቴ፤ ግዴታ የለበትም” አለ በትሕትና። ቅጹንም ውድቅ ከሆኑት ክምር ላይ አኖረው።

ያን ጊዜ ጋሽ ትሪ ወደ ወረፋው ዞሩ። “የእህቴን ፓስፖርት ተቀብዬ ያስረከብኩ እኔ ነኝ!” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “እህቴ ሞታለች። ሳጥኗን ባዶ ተዉአት! ሁላችንም ባዶ ከተውናት ማንን ሊወስዱ ነው?”

አንዱ “ልጃቸው ስለወደቀች ነው” ብሎ ሳቀ። ሰባት ሰዎች ግን ሳጥኗን ባዶ ትተው ቅጻቸውን አስረከቡ። የሰባቱም ከክምሩ ላይ ተጨመረ። ስምንተኛዋ፣ ሁለት ልጆቿን ለእህቷ ትታ የምትሄድ ልብስ አጣቢ፣ ሽማግሌውን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ምልክቱን አደረገች።

“እውነትዎን ነው አባቴ” አለቻቸው፤ “ግን ምን ላድርግ?”

አልተቆጧትም። “የፓስፖርትሽን ቅጂ ለእህትሽ ትተሽ ሂጂ” አሏት። “ካመመሽ ደግሞ ወረቀት የለኝም ብለሽ እንዳትተኚ። ሐኪም ቤት ግቢ። ቢያስሩሽም ግቢ።”