ሰይድ ዞረ ላይ ወራጅ

በእኛ ጊዜ ሰው የሠራው ሥራ እንደሠራው ይነገርለት ነበር፤ እንደዛሬው ላዩ ላይ ቀለም አይቀባበትም። ቆይ አንተ፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። እናንተ የገላን ኮንዶሚኒየም ልጆች ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በየቀኑ «ሰይድ ዞረ ላይ ወራጅ» ትላላችሁ አይደል? ትላላችሁ። ሰይድ ማነው? ወዴት ነው የዞረው? አታውቁም። ኤዲያ!

ሰይድ የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እኔ ረዳቱ ነበርኩ። ረዳት ስላችሁ የታክሲው እንዳይመስላችሁ፤ መኪናው ሲቆም ዘልዬ ጎማው ሥር ታኮ የማደርግ፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ የምተኛ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጨው ጭነን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። ይረግጠዋል፣ እምቢ፤ ይረግጠዋል፣ እምቢ። እና ከታች ገበያ ነው ልጆቼ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ነው፤ ሴቱ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ክላክሱን ያዘው፣ ማን ይስማው። በግራ በኩል ካባው አለ፣ ያ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ። ሰይድ አንዴ ገበያውን አየ፣ አንዴ ካባውን አየና «በቀለ፣ ዝለል!» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «ዝለል አልኩህ!» አለና በክርኑ ገፈተረኝ። ይሄ የማነክስበት እግሬ ያን ቀን ነው የተሰበረው። እና ዞረ። መሪውን ወደ ካባው ጠመዘዘና ዞረ። ከገበያተኛው አንድ ሰው አልተነካም፤ የሞተው ሰይድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ «ሰይድ የዞረበት» ሲል ሲል፣ የታክሲ ልጆች አሳጠሩትና «ሰይድ ዞረ» ሆኖ ቀረ።

አሁን በቅርቡ ታዲያ ከአንድ ቢሮ የመጣ ልጅ፣ ከረባቱን አስሮ፣ «አባባ፣ በየመንገዱ ዳር የታሪክ ምልክት ልንተክል ነው፤ ስለ ሰይድ ይንገሩኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ሚስቱ ዘሐራ እስካሁን ቃሊቲ አለች፤ ሲሞት እርጉዝ ነበረች፤ «ልጄ አባቱን አላየም፣ የልጅ ልጆቼ እንኳ ሥራውን አንብበው ይደጉ» ስትል ነው የኖረችው። እና ልጁ ወረቀቱን አወጣ።

«በየትኛው ጦርነት ነው የሞቱት?» አለኝ።

«ኧረ የምን ጦርነት! ሹፌር ነው።»

«እሺ፣ ምን ሠሩ?»

«ዞረ።»

«ዞሩ... ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተ! ምን ያድርግልህ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠው። «አባባ፣ ይሄ እኮ የትራፊክ አደጋ ነው፤ የትራፊክ አደጋ ታሪክ አይሆንም» አይለኝም! እኔ ደግሞ ስለ ገበያው ነገርኩት፣ ስለ ካባው ነገርኩት፣ እግሬን ገልጬ አሳየሁት። «ገባኝ አባባ፣ ገባኝ» ይላል። ምንም አልገባው!

እና የምልክቱ ብረት ተተከለ። አረንጓዴ ቀለም፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ያምራል። ቀርቤ ሳነበው ምን ይላል? «አርበኛው ሰይድ በዚህ ስፍራ የጠላትን የስንቅ መኪና ገደል ከተተ።» የማንን ጠላት? መኪናው እኮ እኛው የምንሠራበት ነው! ስንቁም ጨው ነው! ቢሮው ድረስ እያነከስኩ ሄድኩና «አንተ ልጅ፣ እኔ እንዲህ አልኩህ?» አልኩት። «አባባ፣ ትንሽ ክብደት ሰጠነው እንጂ» አለኝ። ክብደት! በዚያ ሁሉ ሰው ፈንታ ጉድጓድ ከመግባት ሌላ ምን ክብደት አለ? «በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን፤ ደግሞም ፌርማታው አርበኛ አደባባይ ተብሏል» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ዘሐራን የልጅ ልጇ ይዛት መጥታ አነበበችላት። «ድገሚልኝ» አለች። ደገመችላት። ዘሐራ ብረቱን ቀና ብላ አየችና፣ «የኔ ሰይድ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር። እኔ ያገባሁት ሹፌር ነው፤ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «በቀለ፣ አንተ እያለህ?» አለችኝ። እኔ እያለሁ፣ አዎ! እኔ እያለሁ፣ እያየሁ!

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ነኝ። ጋቢና ማን ተቀምጧል? ያ ባለ ከረባት። እና ስንቃረብ «አርበኛ አደባባይ ላይ ወራጅ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ረዳቱ «የት ነው እሱ ብሮ?» አለው። «አርበኛ አደባባይ!» «አላውቀውም ብሮ፣ ምልክት ንገረኝ።» ምልክቱን እያለፍነው እኮ ነው፣ ብረቱ በመስኮት ይታያል! እኔ ከኋላ አፌን በእጄ ይዣለሁ። «አለፍክ፣ አለፍክ!» ይላል። «የት እንደሆነ ንገረኛ!» ይለዋል። በመጨረሻ ልጁ በድንጋጤ፣ «ኧረ ሰይድ ዞረ! ሰይድ ዞረ ላይ አውርደኝ!» ብሎ ጮኸ። «እንደሱ አትልም ታዲያ!» ብሎ ረዳቱ ጣራውን መታው፣ መኪናው ቆመ። ልጁ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተያየን።

በቀጥታ ዘሐራ ቤት ሄድኩ። ነገርኳት። እሷም ብረቱ ሥር እንዳለችው «ድገምልኝ» አለችኝ፤ ደገምኩላት።

«በገዛ አፉ ነው ያለው?»

«በገዛ አፉ፣ ጮኾ።»

ሳቋ መጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ቆየችና፣ «በቃ ተወው» አለችኝ፤ «ብረቱን ዝናብ ይብላው።»