የቡሬ ጥጃ
ወንድሜን ለውትድርና እንዳያፍሱት መንገዱን ትተን፣ በአንድ ፈረስ ከባሕር ዳር ወደ ቆላ ድባ አክስታችን ዘንድ በሣር ሜዳው እንሄድ ነበር። የምናድረው ከብቶቻቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ከሰፈሩ ሰዎች ጎጆ ነው። አንድ አመሻሽ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ እንደተቀበሉን ሁለት ታጣቂዎች መጡ።

«ይኼ ጎረምሳ ማን ነው?» አለ አንደኛው።

«ልጄ ነዋ» አሉ አያ ደሴ።

«እንግዲያው ይለብልን፣ ጠምቶናል።»

ወንድሜ ላም ነክቶ አያውቅም። የማለቢያውን ቅል ይዞ ቡሬ ከምትባለው ላም ሥር ቁጢጥ አለ፤ ጡቷን ቢጎትት ጠብ የሚል ጠፋ። አያ ደሴ ሊነሡ ሲሉ ታጣቂው «እርስዎ ይቀመጡ» አላቸውና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እኔ ሰው ፊት መነሣት እንኳ አፍራለሁ። ግን ባደርንበት ሁሉ ላሟ ከመታለቧ በፊት መጀመሪያ ጥጃው ሲጠባ አይቼ ነበር። ተነሥቼ የታሰረውን ጥጃ ፈታሁት። ሮጦ ጠባ፤ ወተቱም ወረደ። ወንድሜ አለበ።

ታጣቂው ጠጥቶ አፉን ጠረገ።

«አያ ደሴ፣ ይኼ ልጅ የእርስዎ አይደለም። ግን ምን ላድርግ፣ የቤትዎን ወተት ጠጣሁ። ልጆቹ ሳይነጋ ይሂዱ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጥጃውን የፈታሽው አንቺ ነሽ፤ ፈረሱንም አንቺ ንጂው።»